ስም የሌላቸው አዝራሮች

«ቀሪ ሒሳብዎ፣ አራት መቶ ስልሳ ብር» አለ ስልኩ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።

ቢፍቱ የጆሮ ማዳመጫዋ ከስልኩ ተነቅሎ እንደወደቀ የገባት ያን ጊዜ ነው። በእጇ አልጋው ላይ ብትዳብስ አጣችው። ድምፁን ለመቀነስ ስትጣደፍ ስልኩ ጭራሽ «አራት መቶ ስልሳ ብር» ብሎ ደገመላት።

«ሰምተናል ልጄ» አሉ አከራይዋ እትዬ ፈለቀች፣ ውጭ ልብስ እያሰጡ። «የወሩን ኪራይ እንግዲህ ጠፋ እንዳትይኝ።»

ሰቢሪና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፍራሹ ላይ ተንከባለለች። ሁለቱ ከደሎ መና ወደ ሮቤ አብረው መጥተው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ቢፍቱ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ በኀፍረት ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባ ነበር። ዛሬ ግን ደስታው ልቧን አላስቀምጥ ብሎታል። በአሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ ስንት ብር እንዳላት ሰው ሳይሆን የራሷ ስልክ ሲነግራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቢፍቱ ከተወለደች ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት። አባቷ ሳላሀዲን ደሎ መና ላይ ማር ይነግዳል፤ ወር በገባ ቁጥር ለልጁ ወጪ በባንክ ይልካል። ጣጣው የሚጀምረው ገንዘቡ ሮቤ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ በነበረችበት ባንክ ገንዘብ ልታወጣ ስትሄድ «ምስክር ይዘሽ ነይ» ትባላለች፤ ምስክሩ ሲመጣ ደግሞ «አሻራ» ትባላለች። በብሬል አንብባ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ልጅ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ትወጣለች። በስልክ ልጠቀም ስትል መተግበሪያው እንደ ድንጋይ ዝም አላት። ስለዚህ የሚስጥር ቁጥሯን የምትጫንላት ሰቢሪና ነበረች። ሰቢሪና ታማኝ ናት፣ አንዲት ብር አጉድላባት አታውቅም። ግን ሌላ ሰው የሚያውቀው የሚስጥር ቁጥር ምኑ ነው ሚስጥሩ?

በዚህ መሐል ነበር ከተማው ውስጥ አዲስ የባንክ ቅርንጫፍ የተከፈተው። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሸዋርጋ ከደብረ ብርሃን ተዛውረው የመጡ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ቢፍቱ የወጣቶች ሒሳብ ልትከፍት ስትሄድ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበቡላትና እስክሪብቶ አስጨበጧት። «ምስክር የለኝም» ስትላቸው «ራስሽ እያለሽ?» አሏት። መተግበሪያቸው እንደማያናግራት ስትነግራቸው ደግሞ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ሲጠፋ ደገሙ፣ አሁንም ሲጠፋ ሠለሱ። ይኸው ሦስት ወር ቆይቶ መተግበሪያው አፍ አወጣ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል እንጂ ጥርት ያለ አማርኛ ያወራል። ቢፍቱ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ስታንሸራትት የነካችውን ሁሉ በስሙ ይጠራላታል፤ የፈለገችውን ስታገኝ ሁለቴ መታ ታደርገዋለች። የፊታችን ቅዳሜ መተግበሪያውን የሠሩት ኢንጂነርና ሌሎች ከአዲስ አበባ የሚመጡ ኃላፊዎች ባሉበት በይፋ ይመረቃል። ለሕዝቡ የምታሳየው ደግሞ እሷ ናት።

«በይ አሁን ውጪልኝ» አለቻት ሰቢሪናን፣ የጆሮ ማዳመጫዋን መልሳ እየሰካች።

«በዚህ ብርድ?»

«ባንኩ የሰጠኝን የሚስጥር ቁጥር በራሴ ልቀይር ነው።»

ሰቢሪና እያጉረመረመች ወጣች። ቢፍቱ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና አራት ቁጥር መረጠች። የልደቷ ቀን አይደለም፣ የአባቷ ስልክም አይደለም። ምድር ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። አራቱንም ሞላች፤ ስልኩም በጆሮዋ «ተመዝግቧል» አላት።

«ንገሪኝ በቃ» አለች ሰቢሪና ተመልሳ ስትገባ። «ለኔ እንኳን?»

«ወላሂ አልነግርሽም።»

ከዚያ ሰቢሪና በድንገት አቀፈቻትና ሁለቱም እየዘለሉ ጮኹ። እትዬ ፈለቀች «ምን ነካቸው?» ሲሉ በመስኮቱ ተሰማ።

ችግሩ የመጣው ሲሞክሩት ነው። ቢፍቱ ለሰቢሪና አሥር ብር ልትልክ ስሟን መረጠች፣ ብሩን ሞላች፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። ጣቷን ስታንሸራትት ስልኩ «አዝራር» አላት። እንደገና ስታንሸራትት አሁንም «አዝራር» አላት። ሌላ ቃል የለም።

«የሸሚዝ ነው?» አለች ሰቢሪና።

ቢፍቱ በግምት የመጀመሪያውን መታ አደረገችው። «ተሰርዟል» አላት። ሁሉንም ከሀ ጀመረች። በሁለተኛው ዙር ሰቢሪና አንገቷን አስግጋ አየችላት። «እዚህ ጋ ጽሑፍ የለም፣ ሥዕል ብቻ ነው። መጀመሪያ ያለው ቀይ ኤክስ ነው፣ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ ራይት። መላኪያው ሁለተኛው ነው።»

ሁለተኛውን መታች፤ ገንዘቡ ሄደ። የመተግበሪያው ባለሙያዎች ስም መስጠት የረሱት ሁለቱን ብቻ ነበር፣ እነሱም ዋነኞቹን። «ሁለተኛው» እያለች ቢፍቱ እስከ ቅዳሜ በልቧ ስትደግመው ሰነበተች።

ቅዳሜ ጠዋት ቅርንጫፉ ደጃፍ የተተከለውን ድንኳን ንፋሱ ያርገበግበዋል። ቢፍቱ ከፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አንድ በትር መሬት እየነካካ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ እንዴት ነሽ ልጄ ለማለት፣ ከጎኗ እየተቀመጡ።

«ፋያዳ፣ ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

አባባ ሙለታ ይባላሉ፣ የመጡት ከጎባ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሳነቴ ተራራ በኩል ደሎ መና ሲመላለሱ የኖሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ዓይናቸውን ካጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

«የሚስጥር ቁጥሬን ለሦስት ሰው ነግሬያለሁ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለቱ ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

ቢፍቱ ሳቋ አመለጣት፣ እሳቸውም ሳቁ። «ዛሬ እዚህ ሒሳብ ከፍቼ ነው የምሄደው» አሉ። «አንቺ ስትሠሪው በጆሮዬ እከተልሻለሁ። ከዚያ ማንንም አላስቸግርም።»

ቢፍቱ መሳቋን አቆመች። መላኪያው ሁለተኛው እንደሆነ ለእሳቸው በጆሮአቸው ሹክ ልትላቸው ትችላለች። አንገቱ ከተማ ወይም ሪራ መንደር ላለው ዓይነ ስውር ግን ማን ይነግረዋል? ነገ የአዝራሮቹን ቦታ ቢያቀያይሩትስ? ለወይዘሮ ሸዋርጋ አስቀድማ መንገር ነበረባት፤ በደስታ ሰክራ ሳምንቱን አሳለፈችው።

የጫማቸው ተረከዝ ሲያንኳኳ ሰማችና አፏን ልትከፍት ስትል ወይዘሮ ሸዋርጋ ቀደሟት። «ቢፍቱዬ» አሉ ትከሻዋን ይዘው። «ከፊት ያሉት አለቆቼ ናቸው። ለአንድ ቅርንጫፍ ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ ሲሉኝ የከረሙ። ዛሬ አንቺ ነሽ የምትመልሺልኝ።» ድምፃቸው ውስጥ ያለው ደስታ የልጅ ነበር። ቢፍቱ ስለ አዝራሮቹ ሳትነግራቸው ቀረች። በዚያው ስሟ በድምፅ ማጉያው ተጠራ።

መድረኩ ላይ ወጥታ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመች። መጀመሪያ የስክሪኑን ብርሃን አጠፋችው።

«ስልኩ ተዘግቶባታል» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«አልተዘጋም» አለች ቢፍቱ በማይክሮፎኑ። «ብርሃኑ ለኔ ምንም አያደርግልኝም፤ እናንተም ቁጥሬን አታዩብኝ።»

ድንኳኑ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ፤ ልቧ ከፍ አለ። ማዳመጫዋን ሰክታ አራቱን ቁጥሮች ሞላች፣ ከዚያ ነቅላው ስልኩን ወደ ማይክሮፎኑ አስጠጋች። «እንኳን ደህና መጡ፣ ቢፍቱ ሳላሀዲን» አለ ስልኩ፣ ሰዉ እንደገና አጨበጨበ። መቶ ብር ለአባቷ ልትልክ ነው። እስከ ዛሬ ላኪው እሱ ነበር፤ አሁን ደሎ መና ላይ ሱቁን ዘግቶ ስልኩን በእጁ ይዞ እየጠበቃት ነው። ስሙን መረጠች፣ ብሩን ሞላች። መጨረሻው ገጽ መጣ።

«አዝራር» አለ ስልኩ።

ጣቷን አንሸራተተች።

«አዝራር።»

ሁለተኛው ላይ ናት። ሁለቴ መታ ብታደርግ አለቀ፤ አባቷ ስልኩ ይጮህለታል፣ ወይዘሮ ሸዋርጋ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ከፊት ወንበር አባባ ሙለታ ጎናቸው ያለውን ሰው ሲጠይቁ ሰማቻቸው። «አሁን ምን አላት? የቱ ነው?»

ቢፍቱ ጣቷን አነሳች።

«ወይዘሮ ሸዋርጋ፣ የመጨረሻዋን እርስዎ ይጫኑልኝ።»

ተረከዙ እያንኳኳ መጣ። የጨለመውን ስልክ በእጃቸው አኖረችና ጣታቸውን ይዛ ስክሪኑ ላይ አንሸራተተችው።

«አዝራር» አለ ስልኩ። «አዝራር።»

የድንኳኑ ሸራ ከላይ ተርገበገበ።

«የቱ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸዋርጋ በሹክሹክታ። ማይክሮፎኑ ግን ሹክሹክታውን ለሁሉም አሰማው።

«ሁለተኛው ነው» አለች ቢፍቱ። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ሰቢሪና አይታ ነግራኝ ነው። አባባ ሙለታ ግን ሰቢሪና የላቸውም።»

ወይዘሮ ሸዋርጋ የተቆጡ መሰላት፤ የተቀየሙም መሰላት። እጃቸው ግን አሁንም የሷን እጅ እንደያዘ ነው። ሁለተኛውን አልተጫኑም። ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አሉና እንደ ልማዳቸው ሳይቸኩሉ ተናገሩ።

«ኢንጂነር፣ አንዴ ወደ መድረኩ ይምጡልን። ዓይንዎን ጨፍነው የቱ እንደሆነ ይንገሩን።»

ቢፍቱ ጠረጴዛውን እየዳበሰች ፈቀቅ ብላ ለኢንጂነሩ ቦታ ለቀቀችላቸው።