የሸክላ ሠሪው የፃምቢኮስ ሞት

ሸክላ ሠሪው ፃምቢኮስ ከፈረሰው ግንብ ሥር፣ ከባሕሩ በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ሞቶ ተገኘ። ያየው ፍርስራሹን ሊጎበኝ በማለዳ የወጣ እንግዳ ነው፤ የደወለውም በቀጥታ ለፖሊስ ነበር። መንደሩ ገና አልሰማም።

ከግሪኳ ደሴት ከሮድስ ዋና ከተማ የመጣችው መርማሪ ኤቭዶኪያ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እንግዳውን ከፖሊሶች ጋር ግንቡ ላይ ትታ፣ መርዶውን ይዛ ወደ መንደሩ ወረደች። መጀመሪያ የሟቹን ወንድም የክሊሚስን ቤት አገኘች።

«እባክዎ ውሃ ያጠጡኝ» አለች።

«አልቋል።»

እንስራዎቹ በሙሉ ተደፍተዋል፤ የደጃፉ አፈር ርሷል። ስታረዳው ፊቱን ሸፈነ። «ራሱን ወርውሮ ነዋ! ሰሞኑን ከፍቶት ነበር።»

ቀጥሎ ሸክላ ቀቢዋ ክሪሳንቲ ቤት ደረሰች።

«እንቺ ጠጪ፤ ከተሜ ዳገት አይችልም» አለች ክሪሳንቲ እየሳቀች።

ጠጥታ ሞቱንም የክሊሚስንም ቃል ነገረቻት። ክሪሳንቲ ጮኸች፤ ወዲያው የማሰሮውን ውሃ ደጅ አውጥታ ደፋችው።

«ራሱን? ሂጂ ወዲያ! ክሊሚስ የፋብሪካ ማሰሮ እያመጣ በወንድሙ ስም ለቱሪስት ሲሸጥ ፃምቢኮስ ደረሰበት። ትናንት ‹ነገ በሰው ፊት አጋልጥሃለሁ› ብሎት ነበር።»

የሟቹ ሚስት አኔዙላ ቤት ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ቄሱም መጡ።

«ልጄ፣ ራሱን ገደለ ከተባለ ፍትሐት የለውም» አለች አኔዙላ ኤቭዶኪያን። «እንደ ውሻ ልቅበረው?»

ኤቭዶኪያ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እዚህ ሰው ሲሞት ውሃ ይደፋል፤ አይደል አባ?»

«መልአከ ሞት ሰይፉን ያጥብበታል ይላሉ። ሁሉም ያደርገዋል።»

«ክሪሳንቲ የደፋችው መርዶውን ከሰማች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊትማ አጠጥታኛለች። እርስዎ ግን፣ አቶ ክሊሚስ፣ ሳልደርስ ደፍተዋል። ማን አረዳዎት?»

«እንስራ ላጥብ ብዬ ነው።»

«የሚጠጣ እንኳ ሳያስቀሩ? ወድቆ አይተውት ቢሆን መንደሩን በጩኸት ይቀሰቅሱ ነበር። ዝም ያሉት ስለ ገፉት ነው።»

ክሊሚስ መሬት መሬት አየ። «ግንቡ ላይ ለመንኩት። እንቢ አለኝ። ገፋሁት።»

«ታዲያ ውሃውን ለምን ደፋህ?» አለች ክሪሳንቲ።

«ወንድሜ አይደል?»

አኔዙላ ቀና ብላ አላየችውም። ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ሰሙ አይደል? ደወሉ ይደወልለት።»

ቄሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ኤቭዶኪያ የክሊሚስን ክንድ ይዛ መኪናዋ ጋ ሳትደርስ ደወሉ ተሰማ። ክሊሚስ ቆሞ አማተበ። እሷም ደወሉ እስኪያበቃ ጠበቀችው።