ሁለተኛው ድምፅ

«ፊታችሁን ወደ ግድግዳው» አሉ መምህርቷ ራኪያ ኤጄ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ፒያኖው ጋ ተቀምጠው። «ሳልኪናይ፣ ካንቺ እንጀምር።»

ሳልኪናይና ቤጊማይ ጎን ለጎን ቆሙ። በካራኮል ከተማ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፈተናው እንዲህ ነው፤ መምህሯ፣ ተማሪዎቹ በአክብሮት «ኤጄ» የሚሏቸው፣ ሁለት ድምፅ ይመታሉ፤ ተማሪዋ በመካከላቸው ያለውን ርቀት፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያለች፣ በጆሮዋ ብቻ ለይታ ትናገራለች። የወደቀች ኮሙዝ የተባለው ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ከሚሰጥበት ክፍል ትወጣለች።

«አታካብጂ!» ብላት ነበር ቤጊማይ ከመግባታቸው በፊት። «ሦስተኛ ከሆነ ጀርባሽን ሦስቴ፣ አምስተኛ ከሆነ አምስቴ እነካሻለሁ።»

«ስምንተኛ ከሆነስ?»

«ጀርባሽ ይበሳላ!»

በብርዱ ወራት ትኩሳት ይዟት ከዳነች ወዲህ ቀጫጭን ድምፆች ሳልኪናይን እየራቋት ነው። መጀመሪያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ቀጥሎ ወፎቹ። ከቤጊማይ በቀር ለማንም፣ ለእናቷም እንኳ፣ አልነገረችም። እናቷ ባሏን ከቀበረች ጀምሮ ሳልኪናይ ባነጠሰች ቁጥር ክው የምትል ሴት ናት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወፍራም ድምፅ ስለነበር ራሷ ሰማችው። «አምስተኛ።»

«ልክ።»

በሁለተኛው ላይ አንዱን ድምፅ ብቻ ሰማች። ከዚያ ዝም። ጀርባዋ ላይ ጣት አራቴ አረፈ።

«አራተኛ» አለች።

«ጎሽ!» አሉ ራኪያ ኤጄ። «የአባትሽን ጆሮ ነው የወረስሽው። እሱም እዚሁ ቆሞ አንድም ጊዜ አያስደግመኝም ነበር።»

አባቷ የሰማው በራሱ ጆሮ ነበር። መምህሯ ሦስተኛውን መቱ። የቤጊማይ ጣት ስድስቴ ነካት። ሳልኪናይ «ስድስተኛ» አላለችም። ጣቱ እንደገና፣ አሁን ጠንከር ብሎ፣ መቁጠር ሲጀምር ሳልኪናይ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ቤጊማይ በሹክሹክታ።

ሳልኪናይ ዞረች። «ኤጄ፣ ሁለተኛውን ድምፅ አልሰማሁትም። የቅድሙንም አልሰማሁትም።»

«ልድገመው?»

«ቢደግሙትም አልሰማውም። ከታመምኩ ጀምሮ ነው።»

ራኪያ ኤጄ እጃቸውን ከፒያኖው ላይ አነሡ። ወደ ሳልኪናይ ዞሩ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

ሳልኪናይ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«እኔ ልንገራት?»

«አይ፣ ኤጄ። አሁን ቤት ነው ያለችው፤ ራሴ እነግራታለሁ።»

ሳልኪናይ ካፖርቷን ስትለብስ ቤጊማይ ቁልፎቹን ቆለፈችላት። የቤጊማይ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«አብሬሽ ልምጣ?»

«እስከ በራችን ድረስ ብቻ» አለች ሳልኪናይ።