ግራጫዋ መስመር

ስሙኝማ! «እንሰማለን» በሉ እንጂ፤ መብራት ሲጠፋ ጆሮም አብሮ ይጠፋል እንዴ? እሺ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ትርሲት፣ አንቺ ከኮሪደሩ በር ራቅ በይ። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባሻል።

ድሮ ነው። ያው የዛሬ ስድስት ዓመት ማለቴ ነው፤ ለኮምፒውተር ሰው እሱም የነገሥታት ዘመን ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ከተማው ተኝቷል። ውሻው ተኝቷል። የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ተኝቷል። ስሙን በማልጠራው ከተማ፣ ልክ እንደኛው ያለ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ውስጥ አንድ ረጅም ኮሪደር ነበረ። ጫፉ ላይ የማሽን ክፍሉ አለ። መካከሉ ላይ አንድ አምፖል ነበረ፤ ተቃጠለ። እንዲቀየር ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤው እስካሁን በሂደት ላይ ነው።

ከኮሪደሩ ወዲህ መንበሩ የሚባል ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ሥራው ምንድን ነው? ስክሪን ማየት። ስክሪኑ ላይ የማዕከሉ ማሽኖች በሙሉ በየመስመራቸው ተደርድረዋል። የሚሠራው አረንጓዴ ነው። የሞተው ቀይ ነው። ከጎኑ ደግሞ ማሽኑ በወሩ ውስጥ ምን ያህሉን ጊዜ በሥራ ላይ እንደነበረ በመቶኛ ይነበባል። ቀይ ሆኖ ሲቆይ ደወል ይጮኻል፤ ተረኛው ቴክኒሻን ከአልጋው ይነሳል፤ መቶኛውም ይወርዳል። መቶኛው ሲወርድ ማን ይቆጣል? አለቃው፣ ኢንጂነር ተካልኝ።

ስለዚህ መላ ተገኘ። አቤት መላ! ግራጫ የሚባል ቀለም አለ። «አስበንበት ነው ያጠፋነው» ለማለት ነው፤ «የታቀደ ጥገና» ይባላል። ግራጫ ከሆነ ደወል የለም። የሚነሳ ቴክኒሻን የለም። መቶኛውም ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ በዚያ ማዕከል ማሽን በድንገት ሞቶ አያውቅም። ሁሉም በእቅድ ነው የሚሞተው።

ያን ሌሊት ጥሪ የሚቀበለው ማሽን ቀይ ሆነ። መንበሩ በሞባይሉ አለቃውን ቀሰቀሰ።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የጥሪው ማሽን ወድቋል። ቴክኒሻኑ ይነሳ?»

«አንተ ሰው፣ ነገ እንግዶቹ ሽልማት ይዘው ይመጣሉ! ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ብለን ነው የጻፍንላቸው። ግራጫ አድርገው። ጠዋት ይታያል።»

ግራጫ አደረገው። ልቡ ግን አላረፈም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱን አልዋሽበትም። ፈሪ ነበር።

መቶኛው አለመውረዱን ለማረጋገጥ የማሽኑን የኋላ ታሪክ ከፈተ። ያለፈው ወር፣ አረንጓዴ። ያለፈው ዓመት፣ አረንጓዴ። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ኅዳር ላይ፣ አንዲት ቀጭን ግራጫ መስመር አየ። ጠቅ አደረጋት። «አርባ ደቂቃ። የታቀደ ጥገና። መዝጋቢ፦ መንበሩ።» አስታወሰ። ያኔም ጠዋት ይታያል ተብሎ ነበር። ዘጋው። ደግሞ ከፈተው። አርባ አንድ ደቂቃ ይላል።

እናንተዬ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያለቀ ነገር እንዴት ይጨምራል?

ዓይኑን አሸ። አርባ ሁለት። ከሥሩ ቅድም ያልነበረ ጽሑፍ መጣ፦ «በመጠባበቅ ላይ ያለ ጥሪ፦ አንድ።» ግራጫዋ መስፋት ጀመረች። ኅዳርን ሞላች። ታኅሣሥን ሞላች። ዓመቱን ሞላች። ወደ ዛሬ መጣች። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የትኛው ስልክ? ማሽኑ የሞተበት ስልክ!

አነሳው። ምን ያድርግ? እንዴት አወቅክ አትበሉኝ፤ በጥሪ ማዕከል ስልክ ሁሉ ይቀዳል።

«ሃሎ? ወንድሜ?» የሴት ድምፅ ነው። ቀስ ያለ ነው። «ምጥ ይዞኛል። ብቻዬን ነኝ። ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ብደውል፣ ብደውል ዝም ይላል።»

መንበሩ ስክሪኑን እያየ መለሰላት። «እ... እህቴ፣ ማሽኑ ጥገና ላይ ነው። የታቀደ ጥገና።»

ከዚያ ምን አለችው መሰላችሁ?

«የኔም ሞት ታቅዶ ነበር እንዴ?»

መንበሩ አለቀሰ። እውነት አለቀሰ። እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። አንዴ ጠቅ ቢያደርግ ቀይ ይሆናል፤ ደወሉ ይጮኻል፤ ቴክኒሻኑ ይነሳል፤ ያን ሌሊት ምጥ የያዛት ሌላ ሴት ካለችም ሰው ያነሳላታል። አንዲት ጠቅታ! ታዲያ አደረገ? ሽልማቱ ትዝ አለው። «ሪፖርቱ ሳይበላሽ እኔው ራሴ ሄጄ ላስነሳው» አለ። የእጅ ባትሪውን ይዞ፣ ብቻውን፣ ወደዚያ ኮሪደር ገባ። ከኋላው የባዶ እግር ኮቴ ገባ።

ጠዋት ኮሪደሩ መሐል ባትሪው ተገኘ። ገና እየበራ ነበር። መንበሩ አልተገኘም። የሽልማቱ ስብሰባ ግን ተካሄደ። ኢንጂነሩ ሽልማቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ተጨበጨበ። ስክሪኑ ላይ ከዝርዝሩ መጨረሻ ማንም ያላስገባው አንድ አዲስ መስመር ነበር፦ «መንበሩ። ግራጫ። የታቀደ ጥገና።» መቶኛውን አልቀነሰውም።

እና ልጆች፣ ቀይ ስታዩ ቀይ ነው በሉ። ብቻችሁንም ኮሪደር አትግቡ። ታሪኬን ጨረስኩ። መልሱልኝ አልልም፤ እናንተው ዘንድ ይደር።

ምነው ተጠጋጋችሁ? መብራቱ አልመጣም። ጄኔሬተሩ አልተነሳም። የጥሪው ማሽንም እንደጠፋ ነው። ትርሲት፣ ቅድም ሲጠፋ መዝገቡ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

«ያው... የታቀደ ጥገና» አልሽ?

ታዲያ ይሄ የሚጮኸው ስልክ ምንድን ነው?