ተሰጠኝ ያለችው መዝሙር

«በእህታችን በፌቨን በኩል ለጉባኤያችን መዝሙር ተሰጥቶናል» አሉ እትዬ ሸዋረገድ፣ የኳየሩ መሪ፣ ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው። ፌቨን የምትገባበት ጠፋት።

አዳራሹ ዓረብ አገር፣ ሀደት በሚባል ሰፈር፣ ከጎማ መጠገኛ ቤት ስር ያለ ምድር ቤት ነው፣ ለእሁድ እሁድ የተከራዩት። የመጡት ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲወለውሉ የከረሙ ናቸው። የፌቨን እናት ሥርጉትም ጀማይዜ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ታጸዳለች። ከጥቅምቱ የተቃውሞ ሰልፍ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዞ ሠራተኛ ስለተቀነሰ የሦስት ሰው ሥራ ብቻዋን ነው የምትሠራው። አሁንም የኋላ ወንበር ላይ ግድግዳ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ነገሩ የጀመረው ከሉሲያ ሞንደሃር ነው። ሉሲያ ስፔናዊት ዘፋኝ ናት፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ፌቨን ደግሞ ታሪኳን ከራሷ ታሪክ አብልጣ ታውቀዋለች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ማላጋ ውስጥ አሳ ቤት እየዘፈነች ጀመረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አገሩ በሙሉ በዘፈኗ ጨፈረ። ከዚያማ በአምስት ዓመት አራት አልበም፣ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ደግሞ አውሮፕላን። አንድ ቀን መድረክ ላይ፣ ያውም ዘፈኑ መሃል፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና «ደከመኝ» ብላ ሄደች። ሦስት ዓመት ጠፋች። ስትመለስ ጭፈራ የለ፣ መብራት የለ፣ አንድ ጊታርና አንድ ቀስ ያለ ዘፈን ብቻ። ሰው አለቀላት ሲል እሱው ዘፈን ከሁሉም በለጠ።

ፌቨን ሳህን ስታጥብ ያንን ዜማ ታንጎራጉራለች። ስፓኒሽ ስለማትችል የራሷን ቃል ከተተችበት፦ «ደክሞኝ መጥቻለሁ፣ አንተ አሳርፈኝ»። አንድ ቀን ልምምድ ላይ አመለጣት። እትዬ ሸዋረገድ ሰምተው እንባቸው መጣ፣ ከየት እንዳመጣችው ጠየቋት። እዚያ ጉባኤ ዓለማዊ ዘፈን የሚሰማ ከኳየር ይወጣል። ስለዚህ ፌቨን እዚያ ሰው ሁሉ የሚለውን አለች፦ በጸሎት ላይ ተሰጠኝ።

ኸላስ፣ በቃ። በወሩ መዝሙሩ ከተማውን አቋርጦ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ሰፈር ደረሰ። ሴቶቹ በረንዳ ሲያጥቡ ይዘምሩታል፣ ከቤት መውጣት የተከለከሉት በስልክ እየቀዱ ይላላኩታል።

ትናንት ሳምሪ ደወለች። ሳምሪ የኳየሩ ዘማሪ ናት፣ እዚያው አሠሪዎቿ ቤት ነው የምትኖረው፣ በአምስት ዓመት ብትበልጣትም ጓደኛዋ ናት።

«ስሚ አንቺ፣ ዛሬ ማዳሜ ሬዲዮ ስትከፍት መንፈስ ቅዱስ በስፓኒሽ ሲዘምር ሰማሁት» አለቻት።

ፌቨን ስልኩን ይዛ ከእናቷ ራቅ አለች።

«አቦ አትፍሪ፣ ያኒ ማለቴ፣ ለማንም አልናገርም።» የሳምሪ ድምፅ ዝቅ አለ። «ግን እኮ ፌቪ፣ መዝሙሩ በወጣ ሰሞን ኸላስ ከቤታቸው ልጠፋ ነበር። ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ያቆመኝ ያ መዝሙር ነው። እግዜር ለኔ የላከው መስሎኝ።»

አሁን ማይክራፎኑ እጇ ገብቷል። እትዬ ሸዋረገድ መዝሙሩ እንዴት እንደተሰጣት እንድትመሰክር ጠየቋት። መምጣት ላልቻሉት ሊላክ ሰው ስልክ ደግኖ እየቀረጸ ነው። ሳምሪ ጫማዋን ታያለች።

ከኳየር መውጣቱስ ይሁን። እነዚህ ሴቶች የተደገፉትን ከእጃቸው መንጠቅ ነው የከበዳት። ሉሲያ ትዝ አለቻት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ወለል ላይ ቁጭ ስትል። ምናልባት ከዘፈኑ ይልቅ ማስመሰሉ ይሆናል ያደከማት።

«አልተሰጠኝም» አለች ፌቨን። «ቃሉ የኔ ነው፣ ዜማው የሰው ነው።»



«የማን?» አሉ እትዬ ሸዋረገድ።

ፌቨን ስፒከሩ ጋ ሄደች። የኪቦርዱን ገመድ ነቅላ ስልኳን ሰካች። ጊታሩ ጀመረ፣ ከዚያ የሉሲያ የደከመ ድምፅ ምድር ቤቱን ሞላው። እትዬ ሸዋረገድ የሚያጠፋው ሰው እንደሚፈልጉ ዞር ዞር አሉ፣ እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም።

ፌቨን የኳየር ልብሷን አውልቃ አጣጠፈችና ወንበር ላይ አኖረችው። ወደ ኋላ ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሥርጉት ዓይኗን ሳትገልጥ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

ፊት ለፊት፣ ከኳየሩ መሃል፣ የሳምሪ ከንፈር ከዜማው ጋር ይንቀሳቀሳል። በአማርኛ ነው።