የሰዓዲያ ቦታ

«በይ አሳይኝ ውባንች፣ የትኛው ነው የኛ?» ሰዓዲያ ጥቁሩ መሬት ላይ በተተከሉት ችካሎች መሀል እየሮጠች ጠየቀች።

«ይኸው፣ ከኛ ጎን ያለው» አለች ውባንች እየሳቀች። ቦታውን የጠረገችው፣ እሾሁን የነቀለችው እሷው ራሷ ናት። ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው ብላ ችካሎቹን ጠዋት ጠዋት እየዞረች ታያቸው ነበር።

አዲሱ መንደር ከገቡ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ጎጆዎቹ በገመድ ተለክተው ተሰልፈዋል፤ ግማሹ ቦታ ግን ገና ባዶ ነው። ቀድማችሁ ስፈሩ ከተባሉት መካከል የውባንች እኩያ ያለው ቤተሰብ የለም። የምታወራው ሰው አጥታ ውሃ መንገድ ላይ ብቻዋን ያለቀሰችባቸው ቀናት አሉ።

ነገ ግን የነሰዓዲያ ቤት ክዳን ሊነሳ ነው። የድሮው ሰፈር ወንዶች ተጠርተዋል። የጎጆውን ክዳን እንዳለ አንስተው በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡታል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ መመለስ የለም፤ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ዝናቡም ደርሷል።

ከልጃቸው ጋር ቦታውን ሊያዩ ከድሮው ሰፈር የመጡት የሰዓዲያ እናት እትየ መስቱራ ግን ችካሉን አላዩትም። ሕፃን ልጃቸውን እንዳዘሉ መንደሩ መሀል ያለውን ሲሚንቶ ያያሉ። የውሃ ፓምፕ ይቆምበታል የተባለ ነው። ጎብኝ ሲመጣ እንዲያምር ቀለም ሳይቀር ተቀብቷል፤ ጉድጓዱ ግን አልተቆፈረም። መቆፈሪያው መኪና ቤቶቹ ሲሞሉ ይመጣል ተብሏል። ሰዉ ደግሞ ውሃው ሲወጣ እንመጣለን ይላል። ክረምት ከገባ መኪናው ዋልካው ጭቃ ውስጥ እንደሚሰምጥ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ቢሻው በደጃቸው ሲያልፉ ውባንችን ጠርተዋት ነበር። «እነመስቱራ ከጠየቁሽ፣ ፓምፑ ሰሞኑን ይሠራል በያቸው። ጓደኛሽም ትመጣልሻለች» ብለዋት ሄዱ።

«ልጄ» አሉ እትየ መስቱራ። «አንች አትዋሽኝም። ውሃው መቸ ነው የሚወጣ?»

«ሰሞኑን ነው ተብሏል እኮ!» ሰዓዲያ መጥታ የውባንችን ክንድ ያዘች። «አይደል? ንገሪያት እንጂ!»

አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የቀራት። ነገ ማታ ሰዓዲያ ጎረቤቷ ትሆናለች። አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይስቃሉ። ውባንች ይህን በጣም ፈለገችው፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ተነጫነጨ። ላብ አጥምቆታል። እትየ መስቱራ ዞር ብለው «ውሃ ካለሽ እስቲ ለዚህ ልጅ» አሏት።

ውባንች ቤት ገብታ ማሰሮውን አዘነበለችው። ከታች የቀረችው ድፍርስ ናት። ያችኑ በጣሳ አምጥታ ሰጠቻቸው። ከዚያ ባዶውን ጀሪካን ከደጃፉ አነሳች።

«እትየ፣ ውሃ ልቀዳ ነው። አብረን እንሂድ» አለች።

ወደ ሲሚንቶው አልዞረችም። በችካሎቹ መሀል አልፋ አሸዋ ጭረው ውሃ ወደሚቀዱበት ወደ ደረቁ ወንዝ አመራች። እትየ መስቱራ ፓምፑ የሚቆምበትን አንዴ ዞረው አዩና ተከተሏት። ሰዓዲያ የያዘችውን ክንድ ቀስ ብላ ለቀቀች። ነገ ክዳኑ እንደማይነሳ ገብቷታል። ትንሽ ቆማ ሮጣ ደረሰችባትና ጀሪካኑን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ሩቅ ነው?» አለቻት።

«ሩቅ ነው» አለች ውባንች።