የተጠራበት ሰዓት

ዶክተር ቶሌራን መጀመሪያ ያገኘሁት ከማዋለጃ ክፍል ሳባርረው ነው። በጂንስ ሱሪ፣ ያለ ጋውን በሩ ላይ ቆሞ አየሁትና «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ! ስንቴ ልናገር?» ብዬ ጮህኩበት። ምንም ሳይመልስልኝ ወጣ። ዳይሬክተሩ አዲሱን የማህፀን ሐኪም ሊያስተዋውቁን ሲፈልጉት ኮሪደሩ ላይ ከአስታማሚዎቹ ጋር ተቀምጦ ተገኘ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት በኋላ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እየተመኘሁ።

«መቼ ጠየቅሽኝና?» ብሎ ሳቀ።

በዚያ ሳቅ ተያዝኩ። ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኝም።

ዲላ ሰው የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። በሦስተኛው ወር ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ የሱ መሆኔን አወቁ። ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጠው አባቴም ሰምቷል፤ ሽማግሌ እስኪመጣ ግን ያልሰማ መስሎ ዝም አለ። ቶሌራ ደግሞ «ምርጫው ይለፍና» ይላል። የአገሪቱ ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ለመሆን እየተወዳደረ ነበር። ሐኪም ስህተቱን ሳይፈራ የሚናገርበት ማኅበር ነበር የሚመኘው። ንግግሩን ጽፎ መጀመሪያ የሚያነበው ለእኔ ነው።

«ድምፅ ቢኖርሽ ትመርጭኝ ነበር?»

«እኔማ መርጬ ጨርሻለሁ» እለዋለሁ። አንገቱን አቀርቅሮ ሲያፍር ደስ ይለኛል።

የተወዳዳሪዎቹ ክርክር በኢንተርኔት የሚካሄድበት ሐሙስ ተረኛው ሐኪም እሱ ነበር። ባልደረባው ለስልጠና ሐዋሳ ሄዷል። የሆስፒታሉ ኔትወርክ ስለማያስተማምን ቶሌራ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ገባ። «ከደወልሽልኝ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም» ብሎኝ ነበር።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አምቡላንስ ካሳነሽ የምትባል ወላድ ከኢዲዶ ቀበሌ አመጣ። ጤና ጣቢያ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ልጇ ወንድ ነው፤ ደህና ነበር። ሰባት ከሃያ ላይ ለቶሌራ ደወልኩ።

«ኤልቤቴል፣ ተራዬ ደርሷል። መድኃኒቱን ስጫት፤ ይቺን ተናግሬ መጣሁ።»

ሰጠኋት። ማህፀኗን አሸሁ፣ ደም አስመጣሁላት። የሱ ስልክ ግን ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ስድስት ጊዜ ደወልኩ።

«ሐኪሙ መጣ?» ትለኛለች ካሳነሽ እጄን ይዛ።

«እየመጣ ነው።»

ስምንት ተኩል ላይ እየሮጠ ደረሰ። ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባናት፤ በሕይወት አልወጣችም።

ቶሌራ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። «አበቃልኝ» አለ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ያን ጊዜ ከሟቿ ይልቅ ያሳዘነኝ እሱ ነበር። ማዋለጃ ክፍል ገብቼ የካሳነሽን የሕክምና ቅጽ ቀደድኩና አዲስ ሞላሁ። «ሐኪም የተጠራበት ሰዓት» በሚለው ላይ ስምንት ከአሥር ብዬ ጻፍኩ። ማንም አድርጊ አላለኝም፤ እሱም ቢሆን። ያን ያህል እወደው ነበር።

እናት በሞተችብን ቁጥር ሁላችንም ተሰብስበን እንዴት እንደሞተች እንመረምራለን። የማንንም ስም አለመጥራት ደንብ ነው። የእኔም ስም አልተጠራም። «አዋላጇ ሐኪም ለመጥራት አንድ ሰዓት ያህል ዘግይታለች» ብለው አነበቡ፤ ሰው ሁሉ ግን ዞሮ ያየው እኔን ነው።

እኔ ቶሌራን አየሁ። ቅጹ እጁ ላይ ነበር። ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቀና ብሎም አየኝ። ሁሉ ነገር ገብቶታል። አሁን ይናገራል ብዬ ፈራሁ፤ ይናገር ዘንድም በልቤ ለመንኩ። ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለ።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ። «ይህን ማኅበር ብይዘው ስንት እናት እንደምትተርፍ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩት። አላውቅም ነበር።

ከወር በኋላ አሸነፈ። ከአዲስ አበባ ደውሎ «እሁድ ሽማግሌ ይመጣል፣ ለአባትሽ ንገሪ!» ሲለኝ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም።

ዓርብ ጠዋት የካሳነሽ ባል አማኑ ሕፃኑን ታቅፎ መጣ። ለሆስፒታሉ አቤት ብሎ ነበር፤ ቅጹ ላይ ያለው ተነብቦለታል።

«ሲስተር፣ አንቺ ነው የዘገየው አሉኝ» አለ። «ተናደድኩ። ብዙ ተናደድኩ። አሁን ግን ይቅር ብያለሁ፣ አንቺም ሰው ነው። ሐኪሙ ግን እንደተጠራ በሃያ ደቂቃ መጣ አሉ። ደክሞላታል። ልጁን በሱ ስም ቶሌራ አልኩት።»

ሕፃኑን እንድይዘው ዘረጋልኝ። እጄ እምቢ አለኝ።

«አማኑ፣ የጠራሁት ሰባት ከሃያ ላይ ነው» አልኩት። «ወረቀቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀነዋል።»

እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። ልጁን መልሶ ደረቱ ላይ አስጠጋና ፊቱን ሲያየው ቆየ።

«ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልጥራው?» አለኝ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

«ቶሌራ፣ ሽማግሌ አትላክ።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። ያን ትንፋሽ ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ።

«ሰዓቱን ለማን ነገርሽ?» አለኝ።

ለምን አትላክ እንዳልኩት ይጠይቀኛል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ። እንኳን ያኔ፣ ዛሬም እወደዋለሁ። አልጠየቀኝም። ስልኩን ዘጋሁና የካሳነሽን ፋይል ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጣሁ፤ አማኑም ልጁን ታቅፎ ተከተለኝ።