በሞቴ አትብላ

አድማሴን ያወቅሁት ዳንግላ፣ ጋሪ ላይ ነው። እሱ ሲሳፈር ጋሪው አጋደለና ተንሸራትቼ ጎኑ ላይ ወደቅሁ። ይቅርታ የጠየቀው ግን እሱ ነው! ያን የሚያህል ሰው እንዲያ ሲያፍር አይቼ አላውቅም። እኔም ሞኟ፣ እስክንወርድ ድረስ ቦታዬን አላስተካከልኩም።

ከተጋባን በኋላ ውፍረቱ ልቡን ያስጨንቀው ጀመር። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ወስጄው አንድ የውጭ ሐኪም ያኔ ብርቅ በነበረ ሕክምና ጨጓራውን ቀዶ አጠበበለት። ሲሸኘን፣ በአንድ ጊዜ ከጭብጥ በላይ እንዳይበላ አስጠነቀቀን፤ ተመልሶ ከወፈረ ልቡ አይችለውም አለ።

በዓመቱ ለጊዮርጊስ እንጅባራ ላይ ፈረስ ጋለበ። ደስታዬን የት ላድርገው! አገሩ ግን ከሳ እያለ አማኝ። እኛ ዘንድ ባል ከከሳ የምትታማው ሚስት ናት። እናቱ እማማ ደብሪቱም ቅቤና ማራቸውን ይዘው መጥተው እኛው ቤት ከረሙ።

አድማሴ ሁሉን እምቢ ይላል፤ «በሞቴ» ሲሉት ግን አይችልም። ልጅ ሳለ የአባቱን የበሞቴ ጉርሻ ገፍቶ፣ አባቱ በሳምንቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ያችን ቃል ሲሰማ አፉ በራሱ ይከፈታል። እማማ ክፋት የላቸውም፤ ልጃቸው የሚያልቅባቸው መስሏቸው ነው። እኔስ ብሆን በፋሲካ እንግዳ ፊት እንዳያፍር ብዬ በሞቴ አላልኩትም?

በሁለት ዓመት ሥጋው ሁሉ ተመለሰ። ከአልጋው እስከ በር ሲሄድ ያለከልካል። እማማን ብለምናቸው ልጄን በረሃብ ልትጨርሽው ነው አሉኝ።

አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ሊታጠብ ሲነሣ እማማ በቅቤ የራሰ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«በሞቴ፣ ይችን ብቻ» አሉት።

እጁን ያዝኩት። «አድማሴ፣ በሞቴ አትብላ።»

እንዲህ ያለ በሞቴ ተሰምቶ አያውቅም። የእማማ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። እሱ እናቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ውብአየሁ... ማንኛችሁን ልግደል?»

እንባው እየወረደ ለእናቱ አፉን ከፈተ። ማታ አጠገቤ ተኝቶ፣ «አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ሞት አይደፍርሽም ብዬ ነው» አለኝ።

በነሐሴ ልቡ ቆመ። ቃላችን እኔንም እሳቸውንም ሳይነካ እሱን ወሰደው።

ዛሬም ከእማማ ጋር ከአንድ ገበታ እንበላለን። አንድ ሁለቴ ጎርሰው ይተዋሉ። ትንሽ ጠቅልዬ እጄን እዘረጋላቸዋለሁ። በሞቴ አልልም። እሳቸውም ይጎርሳሉ።